የእናት የአባት ሆድ ሕመም፦ ባሕር ዳር ላይ ከየት ይጀመር?

60 ዓመት ያለፋቸው እናት ወይም አባት ያለው ሰው «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» የምትለዋን መልስ ጠንቅቆ ያውቃታል። ምግብ አልበላ ሲላቸው ጨጓራ ነው። ሆዳቸው ሲነፋም ጨጓራ ነው። ልብሳቸው ሲሰፋቸውም ያው ጨጓራ ነው። በመጨረሻ ልጆች ተሰብስበው «በቃ እናሳክማቸው» ሲሉ ሌላ ክርክር ይነሳል። አንዱ ጤና ጣቢያ ይላል። አንዷ የማውቀው ክሊኒክ አለ ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድም በስልክ «ወደዚህ ላኩልኝ» ይላል። ጎረቤት ጠበል ይጠቁማል።

ይህ መመሪያ ለዚያ ክርክር የተጻፈ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ወላጅ ይዤ የባሕር ዳርን ሕክምና ቤቶች ወንበር ሳሞቅ የቆየሁ ሰው ነኝ። እንደታዘብኩት፣ ቤተሰብን ከምንም በላይ የሚያከስረው ቅደም ተከተል ማጣት ነው። ሦስት ቦታ ሦስት የሰገራ ምርመራ ይሠራል፣ ሦስት ዓይነት ክኒን ይገዛል፣ አንድም ሐኪም ግን ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልሰማም። ስለዚህ ቦታዎቹንም ምርመራዎቹንም የማወዳድረው «ምን ለማወቅ ነው የምንሄደው?» በሚለው ጥያቄ ነው።

ነገ የማይባልባቸው

መጀመሪያ ምርጫ የሌለባቸውን እናውጣ። ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካስመለሳቸው፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ሆዳቸው ደርቆ ሲነካ የማያስችል ሕመም ካለ፣ እያስመለሳቸው ፈስም ሰገራም አልወጣ ካለ፣ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ የቀረባችሁ ጋ ሂዱ። ሪፈር ፍለጋ አትዙሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን «ልቤን አቃጠለኝ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ከደረት አጥንት በታች ያለውን የሆድ ጫፍ ነው። ስለዚህ «እጅዎን ያሳርፉበት» በሏቸውና ቦታውን በዓይናችሁ እዩ። ግን እዚያ ቦታ ያለ ሕመም ሁሉ የጨጓራ አይደለም። በተለይ በዕድሜ የገፉና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ድንገተኛ ሕመም (ሃርት አታክ) ራሱ «ጨጓራዬን» ተብሎ ይመጣል። ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለበት ኢሲጂ (የልብን ሥራ የሚመዘግብ ምርመራ) ይነሳላቸው ብላችሁ ጠይቁ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ሁለተኛው ረድፍ ዛሬውኑ አያስሮጥም፣ ግን ወር አይሰጠውም። ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ። ምግብ ሲውጡ መያዝ፣ መጀመሪያ እንጀራው ቀጥሎ ሾርባውም። የደም ማነስ። የማያቋርጥ ማስመለስ። ለሳምንታት የቆየ የሰገራ ለውጥ፣ ድሮ ያልነበረ ድርቀት ጭምር። ደም የቀላቀለ ሰገራ። የዓይን ቢጫ መሆን። ሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት። በቤተሰብ የጨጓራ ወይም የአንጀት ካንሰር የነበረ ሰው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ባይኖር፣ 60 ካለፉ በኋላ አዲስ የጀመረ የላይኛው ሆድ ሕመም ብቻውን ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን ማየት) ለማዘዝ በቂ ምክንያት ሆኖ በሕክምና መመሪያዎች ላይ ተቀምጧል። ለ25 ዓመት ልጅ የሚሠራው «እስቲ መጀመሪያ ክኒኑን ሞክረው» ለእሳቸው አይሠራም።

ፋርማሲ

በጣም ቅርቡ እሱ ነው፤ ወረፋም የለውም። ችግሩ የሚሰጠው መድኃኒት መሥራቱ ነው። ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይበርዳል፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ቁስለቱ ወይም ከቁስለት የከፋው ነገር ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ኦሜፕራዞል ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ጨጓራ የሚያቆስል ባክቴሪያ የሚፈልገውን የሰገራ ምርመራ ያሳስታል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለ4 ሳምንት መቆም አለባቸው፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ለማቆም ግን ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ።

ፋርማሲስቱ ለሌላ ነገር ግን እጅግ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ያለውን የመድኃኒት ፌስታል እንዳለ አምጡና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። በየቤቱ አለ ይህ ፌስታል፤ ግማሽ ፍሬ የቀረበት ስትሪፕ፣ ስሙ የጠፋ ብልቃጥ፣ የጎረቤት ክኒን። «ከዚህ ውስጥ ሆድ የሚረብሸው የቱ ነው?» በሉ። የጉልበትና የወገብ ሕመም መድኃኒቶች፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ ጨጓራን ከሚያቆስሉት ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ በመርፌ ቢሰጡም ያው ናቸው። አስፕሪንም አለበት፣ ግን ለልብ የታዘዘ ከሆነ በራሳችሁ እንዳታስቆሙ። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ተቅማጥና መነፋት ያመጣል። የብረት ክኒን ሰገራን ያጠቁራል፣ ያደርቃልም። ፌስታሉ ብቻውን የምርመራ ወረቀት ያህል ይናገራል። ብዙ ቤተሰብ ግን ወደ ሐኪም ሲሄድ ቤት ይተወዋል።

ጤና ጣቢያ

ዋጋው ቀላል ነው፣ ሰፈር ውስጥ ነው። የሰገራ፣ የደምና የሽንት መሠረታዊ ምርመራ ይሠራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ያላቸው ወላጆች ደግሞ በሩ ይሄው ነው። ከዚህ ሪፈር ሳይዙ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ እንደሚገባው አይሸፍንላቸውም። ካርዱ መታደሱን አስቀድማችሁ እዩ፤ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ካርድ ክፍል ደርሶ «ጊዜው አልፏል» መባል ያበሳጫል።

ከጤና ጣቢያ የማትጠብቁት ካሜራ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው ምልክቶች ካሉ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሪፈሩን ነው፣ ግኝቱ በግልጽ ተጽፎበት። ምልክቶቹ ከሌሉና ነገሩ የሰሞኑ ተቅማጥ ወይም ቁርጠት ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

መቼ ነው የሚበቃው? አንድ ጊዜ «አሜባ» ተብሎ ታክመው ካልተሻላቸው፣ ሁለተኛ ጊዜም «አሜባ» ከተባለ፣ ሦስተኛውን አትጠብቁ። «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ውጤትም እንዲሁ። ለታይፎይድ የሚሠራው ቪዳል የሚባለው የደም ምርመራ የሚያየው አንቲቦዲ ነው፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራውን ማለት ነው። ድሮ የተያዘ፣ አልፎም ሌላ በሽታ ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ለአራት ወር ምግብ አልወስድ ያላቸው፣ ትኩሳት የሌላቸው እናት ችግራቸው ታይፎይድ ነው ሲባል ቢያንስ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሐይቁን ለሐኪሙ ንገሩት

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ባሕር ዳርን ከሌላ ከተማ የሚለየው ስለሆነ ነው። የጣና ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ተውሳኩ ከሰው ሰገራ ወደ ውኃ ይገባል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። አባታችሁ ዓሣ አስጋሪ ከነበሩ፣ በታንኳ ከዘጌ ሲመላለሱ ከኖሩ፣ ፎገራ ላይ ሩዝ ማሳ ውስጥ ከቆሙ፣ እናታችሁ ልብሱን ሐይቁ ዳር ሲያጥቡ ካደጉ፣ ይህ የሕክምና መረጃ ነው።

በሽታው ሲቆይ መልኩን ይቀይራል። እንቁላሎቹ ጉበት ውስጥ ይቀራሉ፣ ጉበቱ ይጠባሳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ይወጠራሉ። አንድ ቀን ሲፈነዱ ሰውየው ደም ያስመልሳል። ቤተሰቡ «ጨጓራው ደማ» ይላል። ያረጀ ኢንፌክሽን ላይ ደግሞ በሰገራ የሚወጣው እንቁላል ጥቂት ስለሆነ የአንድ ቀን ናሙና «ንጹሕ ነው» ሊል ይችላል። በተለያየ ቀን ሁለት ሦስት ናሙና ማስመርመር ይሻላል። ጉበትና ጣፊያው የደረሰበትን አልትራሳውንድ ያሳያል። ተውሳኩን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ርካሽ ነው፤ የተጠባሰውን ጉበት ግን ወደ ቀድሞው አይመልስም።

ሌላው ካላ አዛር ነው፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ። ወደ መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ፣ ወይም ሊቦ ከምከምና ፎገራ አካባቢ የኖረ ሰው፣ ትኩሳቱ ከቆየ፣ ከከሳ፣ በግራ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ ስሙን አንስቶ መጠየቅ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኙ ሲነሳ ብዙ ሰው በሌላ በሽታ ስም ሲታከም ቆይቶ ነበር። የባሕር ዳር ወይም የጎንደር ሐኪም ይህን ሳይነገረውም ሊጠረጥር ይችላል። ሌላ አገር የሠራው ላይጠረጥር ይችላል። «አዲስ አበባ ይሻላል» ለሚለው ወንድም አንዱ መልስ ይህ ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል ወይስ የግል?

ዋናው ክርክር እዚህ ነው።

ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ፣ ወደ ሐይቁ ገደማ ነው። ጥበበ ግዮን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ። ደካማ ሰው ይዞ ለሚሄድ የመንገዱ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አቧራውን፣ የባጃጁን ዝላይ፣ የመመለሻውን ትራንስፖርት አስቡት። የሁለቱም ትልቅ ጥቅም ሁሉም ነገር አንድ ግቢ መሆኑ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ ቀዶ ጥገናው፣ ድንገተኛው፣ አልጋው። የጤና መድን ይሠራል። ነገሩ ከባድ ሆኖ ከተገኘ የሚቀጥለው እርምጃ እዚያው ነው።

ጉዳቱን ታውቁታላችሁ። ወረፋው። በየቀጠሮው ሌላ ሐኪም ማግኘት። «ሪኤጀንት የለም፣ ውጭ አሠሩ» መባል። መሣሪያ ተበላሽቶ መጠበቅ። ስለዚህ ለኢንዶስኮፒ ከሆነ የምትሄዱት «ሰሞኑን እየሠራ ነው? ወረፋው እስከ መቼ ነው?» ብሎ አንድ ሰው ቀድሞ ይጠይቅ፤ ወላጅ ይዛችሁ ሄዳችሁ አትወቁት።

ሰዎች የሚያማርሩበት፣ እኔ ግን የምወደው ነገር አለ። የማስተማሪያ ሆስፒታል ላይ ተማሪው ይጠይቃል፣ ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም) ይጠይቃል፣ ከዚያ ሲኒየሩ ይጠይቃል። አባቶች «ስንት ጊዜ ነው የምናገረው?» ብለው ይቆጣሉ። ግን በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው ብዙ ጊዜ እውነቱ የሚወጣው። አርባ በሽተኛ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሐኪም ያን ያህል ሊያወራ አይችልም።

የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ ፍጥነት ይሸጣል። ስፔሻሊስቱን ማታ ከሥራ መልስ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቹ ቀን የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ኢንዶስኮፒም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሠራል። ኪስ ግን ይጎዳል፣ መድንም የለበትም። ከዚህ የከፋው ሐኪሙ ሳያይ የሚታዘዝ የምርመራ ጥቅል ነው። አንድ ቦታ፣ ስሙን ተዉት፣ እናቴ ገና ወንበር ላይ ሳይቀመጡ የላብራቶሪ ዝርዝር ተሰጠን። ከላይ እስከ ታች ሁሉም ላይ ምልክት ተደርጎበታል። የሚያማቸውን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ወረቀቱን ተቀብለን፣ «መጀመሪያ ሐኪሙን እናግኝ» ብለን ካርዱን ብቻ ከፈልን። ሐኪሙ ከዝርዝሩ ሁለቱን ብቻ አስቀረ።

የግሉን ስትመርጡ ከሕንፃው ይልቅ ሐኪሙን ምረጡ። የምትፈልጉት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነው፤ ከተገኘ የጨጓራና አንጀት ሰብ ስፔሻሊስት። ኢንዶስኮፒ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ የሚሠራው ማን ነው? ናሙና ከተወሰደ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? ናሙናው የት ይላካል፣ በስንት ቀን ይመጣል? ጠቅላላ ስንት? የባዮፕሲው (የናሙናው ምርመራ) ክፍያ በኋላ ሲመጣ የሚደነግጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። ውጤቱን ሳይወስድ የሚቀርም አለ።

የእኔ ምርጫ ምን ትሉኛላችሁ? ቅይጡን። አቅም ካለ ካሜራውን በግል ቶሎ አሠርቶ፣ ውጤቱን ይዞ የመንግሥት ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል መከታተል። ፍጥነቱን ከአንዱ፣ ቀጣይነቱን ከሌላው። አቅም ከሌለ ደግሞ በሪፈር ሄዶ ከላይ ያሉትን ምልክቶች በግልጽ መናገር ነው። «ጨጓራ ያማቸዋል» ካላችሁ ወረፋ መጨረሻ ላይ ናችሁ። «66 ዓመታቸው ነው፣ በሦስት ወር ልብስ ሰፋቸው፣ እንጀራ ሲውጡ ይይዛቸዋል» ካላችሁ ግን ሐኪሙ ብዕሩን ያነሳል።

ምርመራዎቹን አታምታቱ

በብዛት የሚምታቱት አልትራሳውንድና ኢንዶስኮፒ ናቸው። «አልትራሳውንድ ተነስተው ነጻ ናቸው ተብሏል» ይባልና ሁሉም ይረጋጋል። አልትራሳውንድ ጉበትን፣ የሐሞት ከረጢትን፣ ጣፊያን፣ ኩላሊትን ያሳያል፤ ቆሽትንም ጋዝ ካልሸፈነው። የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ ግን አያይም። ቁስለት ወይም ገና የጀመረ የጨጓራ ካንሰር ያለበት ሰው አልትራሳውንዱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በቀኝ ጎን፣ ቅባት ከተበላ በኋላ የሚነሳ ሕመም፣ ወይም የዓይን ቢጫነት ካለ አልትራሳውንድ ይቅደም። የሚያቃጥል፣ የሚያስመልስ፣ የሚውጡት የሚይዝ ከሆነ ኢንዶስኮፒ ይቅደም። የሐሞት ጠጠር ስለተገኘም ወዲያው ቢላ አይደለም። ብዙ አዛውንት ጠጠር ይዘው ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ሕመሙ የጠጠሩ መሆኑን ሐኪሙ ያስረዳችሁ።

ኤች ፓይሎሪ ላይ ደግሞ የደምና የሰገራ ምርመራ ይምታታል። የደሙ የሚያየው አንቲቦዲ ነው፤ ከታከሙም በኋላ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቆያል። አሁን ባክቴሪያው አለ የለም የሚለውን የሚነግረው የሰገራው ወይም በኢንዶስኮፒ የሚወሰደው ናሙና ነው። በአገራችን ይህ ባክቴሪያ በጣም የተለመደ ስለሆነ «ፖዘቲቭ ነው» መባል የሕመሙን ምክንያት አገኘን ማለት አይደለም። 70 ዓመት የሆናቸው አባት ክብደት እየቀነሱ «ኤች ፓይሎሪ ነው» ተብለው የ14 ቀን መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት ከተላኩ፣ የካሜራው ነገር እንዳይረሳ።

ኢንዶስኮፒ ራሱ ስሙ ነው የሚያስፈራው። ጉሮሮ ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይረጫል፣ በጎን ያስተኛሉ፣ ቀጭን ቱቦ በአፍ ይገባል፣ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አያልፍም። ያቅለሸልሻል፣ አያቆስልም። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ምግብ አይበላም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወልቃል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነና የስኳር መርፌ ካላቸው ቀጠሮ ሲያዝ ተናገሩ፤ በዕለቱ ጠዋት አይደለም።

ኮሎኖስኮፒ ከታች ነው። ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ አዲስ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ሲኖር ይታዘዛል። ለአዛውንት የሚከብደው ከምርመራው ይልቅ ዝግጅቱ ነው። አንድ ቀን ፈሳሽ ብቻ ይጠጣል፣ ማታውን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወሰዳል፣ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት መመላለስ ነው። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ከሆነ ለዚያች ሌሊት ፖፖ አዘጋጁ፣ መብራት ይኑር፣ ሰው አብሮ ይደር። ኩላሊት ወይም ልብ የሚያማቸው ከሆነ የትኛው የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንደሚሻል ሐኪሙ ይምረጥ። ሲቲ ስካን ደግሞ ብዙ ያሳያል ግን ናሙና አይወስድም። በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይሠራ።

ጠበልና ጾም

እዚህ አገር ይህን የማያነሳ መመሪያ ግማሽ ነው። ጠበል መሄድና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም፤ ብዙ የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ይህንኑ ይመክራሉ። ጉዳት የሚመጣው ክኒኑ ቤት ሲቀር ነው፣ በተለይ የስኳርና የግፊቱ። ሌላው፣ ጠበሉ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ከሆነ አዛውንት ቶሎ ይደርቃሉ። አብሮ የሚሄድ ሰው ሽንታቸውን ይከታተል።

የኢንዶስኮፒ ቀን ጠዋት ግን ጠበልም ውኃ ነው። እናቶች «ምንም አልቀመስኩም» ይሉና በባዶ ሆድ ጠበል ጠጥተው ይመጣሉ። አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በሌላ በኩል የጾም ወቅት ለጠዋት ቀጠሮ ይመቻል፤ ባዶ ሆድ መሆን ለእነሱ ብርቅ አይደለም። የ55ቱን ቀን ጾም እየጾሙ ክብደት የቀነሱ ወላጅ ግን «ጾሙ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ። ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ካልመጣ ጾሙ አልነበረም። የታመመ ሰው እንዳይጾም ለማግባባት ደግሞ ከልጅ ይልቅ የንስሐ አባት ይሰማል። እሳቸውን አናግሩ።

ኮሶ፣ እንቆቆና መተሬ ለትል የቆየ መድኃኒት ናቸው። ለደከመ አዛውንት ግን አልመክርም። ልኩ አይታወቅም፣ ያስቀምጣል፣ ያደርቃል። ከጠጡም አትቆጧቸው፤ ለሐኪሙ ብቻ ንገሩ።

አዲስ አበባ መቼ?

የመጀመሪያ ምርመራ ለማድረግ አይደለም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ማጣራት አለ። እዚያ ሲደርሱ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ቀጠሮ፣ የዘመድ ቤት እንግድነት። አዛውንት ሰው ከቤታቸው ሲርቁ ምግቡም እንቅልፉም ይበላሻል፣ ሕመሙን ከመሰላቸት መለየት ያስቸግራል።

ትርጉም የሚኖረው ባሕር ዳር ላይ ስሙ የታወቀ ነገር እዚህ የማይሠራ ሕክምና ሲፈልግ ነው፤ ወይም ሁሉም ተሠርቶ ሐኪሙ ራሱ «ጥቁር አንበሳ ይዩልኝ» ወይም «ጳውሎስ ይሂዱ» ሲል። ጎንደርም አለ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለብዙ ሰው ከአዲስ አበባ ይቀላል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሰውየውን ሳይሆን ፋይሉን ላኩ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ የውጤቱን ወረቀት ይዞ ሐኪም ያማክር። ለመምጣት የሚያበቃ ከሆነ ያኔ ቀጠሮው ተይዞ ይመጣሉ።

ማን አብሮ ይግባ?

አባቶች ስለ ሰገራቸው ለወንድ ልጃቸው አይናገሩም፣ ለሴት ልጃቸውማ ጭራሽ። እናቶች ለሴት ልጅ ወይም ለምራት ያወጣሉ። የሚያወጡለት ሰው ይግባ፤ ታላቅ ስለሆነ ወይም ገንዘቡን ስለከፈለ ብቻ አይግባ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ እነሱ ናቸው ያመጡኝ» ይላሉ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ በግማሽ ገጽ ጻፉ። መቼ ጀመረ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ፣ ሌሊት ያስነሳል ወይ፣ የሰገራው ቀለም፣ ልብስ ምን ያህል ሰፋ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ሐይቁና የሥራ ታሪኩ፣ አረቄና ጠላ። መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ። የቀረውን ወረቀቱ ይሙላ።

ሁሉም ተሠርቶ ምንም ካልተገኘስ? ይህም ይሆናል። የታይሮይድ፣ የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ መሠራቱን አረጋግጡ። የሆድ ቲቢ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፣ ጠይቁ። ጥርሳቸውን እዩ፤ ማኘክ ያቃተው ሰው ያልላመ ይውጣል፣ ሆዱ ይነፋል። ባል ወይም ሚስት በቅርብ ከቀበሩ፣ ሐዘን ራሱ ምግብ ይዘጋል። ለዚህም ሐኪም አለ። ሐኪሙ «ለጊዜው እንከታተል» ካለ ቀን ይቁረጥ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ እንደገና ይመዘኑ፣ በዚያው ሚዛን። እየቀነሱ ከሆነ ፋይሉ እንደገና ይከፈት።

ኤች ፓይሎሪ ተገኝቶ መድኃኒቱን ከጨረሱ ደግሞ መጥፋቱን ማረጋገጫው በሰገራ ነው፣ ከመጨረሻው ክኒን ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ። ባዮፕሲ ከተወሰደ ውጤቱን የሚያመጣው ልጅ ዛሬውኑ በስም ይታወቅ፣ ስልኩም ላብራቶሪው ጋ ይመዝገብ። ኮፒው ለሐኪሙ ይሰጥ፣ ዋናው ቤት ይቀመጥ።